የንግድ ቤት ደጃፍ፣ መረማመጃና ፓርኪንግ ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጣሪያ ሲያፈስ ሁሉም ይጮኻል። ሊፍት ሲቆም ስልኬ አያርፍም። ደጃፉ ሲሰነጠቅ ግን ማንም አይደውልልኝም፣ ሰው እስኪወድቅ ድረስ። የንግድ ሕንፃ ማስተዳደር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሱቅ ባለቤቶች፣ ከሕንፃ ባለንብረቶች፣ አንዳንዴም ከጥበቃዎች የሚመጡልኝ ናቸው። አንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

ግቢው ሰፊ ነው፣ የተበላሸውም ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ዝናብ ይጠብቁ። ቀልድ አይደለም። ዝናቡ እየጣለ ጃንጥላ ይዘው ይውጡና ግቢውን አንድ ዙር ይዙሩ። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን የት ነው የሚደፋው? ዲቹ (የውሃ ማፋሰሻ ቦዩ) ውሃ ይውጣል ወይስ ይተፋል? ወደ በሩ የሚመጣ ውሃ አለ? ሰዎች ለመሻገር የሚዘሉት የት ጋ ነው? በደረቅ ቀን አሥር ጊዜ ቢመላለሱ የማያዩትን ዝናብ በአሥር ደቂቃ ያሳይዎታል።

ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይውጡ። አሁንም ውሃ ያቆረ ቦታ ካለ ዳር ዳሩን በጠመኔ ያስምሩ፣ ፎቶም ያንሱ። ከስንጥቅ አጠገብ ፎቶ ሲያነሱ ሳንቲም ወይም ሜትር ያስቀምጡ። ያለዚያ ከስድስት ወር በኋላ ፎቶውን ቢያዩት ስንጥቁ ሰፋ አልሰፋ ማለት አይችሉም።

ከዚያ ዝርዝሩን በሦስት ይክፈሉት። መጀመሪያ ሰው የሚጥለው። ቀጥሎ ውሃ የሚያስገባው። መልክ መጨረሻ። ብዙ ሰው ግን ከመልክ ይጀምራል። ከርብ ስቶኑን (የጠርዝ ድንጋዩን) ቀለም ይቀባል፣ የአበባ ማስቀመጫ ይደረድራል፣ ከበሩ ፊት ያለው የተነቃነቀ ብሎክ ግን እንዳለ ነው።

ንጣፍ በደንብ ከተሠራ ለምን ይበላሻል?

ሦስት ነገር ይበላዋል፦ ውሃ፣ ፀሐይና ክብደት። ትልቁ ውሃ ነው።

እኛ የምናየው ላይኛውን ቆዳ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ግን ከሥር ያለው የተጠቀጠቀ ጠጠርና ሰሌክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) ነው። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ያንን ሲያረጥበው ይለሰልሳል። ከላይ ጎማ ሲጫነው ደግሞ ጭቃው በስንጥቁ በኩል ይተፋል። በዝናብ ቀን ልብ ብለው ካዩ፣ መኪና ካለፈ በኋላ ከስንጥቁ ዳር የሚቀር ቀጭን ቡናማ ጭቃ አለ። ያ ጭቃ ከሥር የወጣ ነው። በሄደ ቁጥር ከታች ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አንድ ቀን ላይኛው ይሰበርና ጉድጓድ ይሆናል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ጉድጓዱ ዛሬ ቢታይም የተጀመረው ከዓመት በፊት ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ የምትጎዳው አስፋልትን ነው። ጠጠሩን ያያዘው ሬንጅ በፀሐይና በአየር እየደረቀ ይሄዳል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ መለጠጥ ያቅተዋል፣ ይሰነጠቃል። የክብደቱን ጉዳይ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

የንጣፉ ስሎፕ (ተዳፋቱ) ስንት መሆን አለበት?

ከሕንፃው ወደ ውጭ፣ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። 2 በመቶ ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ትንሽ ጎርበጥ ያለ ቦታ ሁሉ ውሃ ይይዛል። መረማመጃ ላይ ወደ ጎን ከ2 በመቶ ብዙ ከበለጠ ደግሞ ዊልቸር ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፤ ገፊውም ይደክማል።

ለመለካት መሐንዲስ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ የአንድ ሜትር ጣውላ ይውሰዱ። ከአንዱ ጫፍ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት ያጣብቁ። ያ ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። ላዩ ላይ ውሃ ልክ ያስቀምጡ። አረፋው መሐል ከቆመ ስሎፑ ልክ ነው።

ለዊልቸር የሚሠራ መወጣጫ ብዙ ቦታ የሚታወቀው ልኬት 1 ለ 12 ነው። በሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 3 ሜትር ከ60 መርዘም አለበት። ቦታ የለም ተብሎ 1 ሜትር ላይ የሚጠናቀቅ መወጣጫ አያለሁ። እሱ የዊልቸር መወጣጫ አይደለም፣ ለዕቃ ጋሪም ይከብዳል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከአንድ ሕንፃ ጥግ ላይ የሰጠመ ኮንክሪት ነበረ። አስነስቼ አስደገምኩት። በዓመቱ እንደገና ሰጠመ። ተቋራጩን ወቀስኩት፣ በሌላ ሰው ደግሜ አሠራሁት። ሦስተኛው ላይ አንድ ጥበቃ «የጣሪያው ቱቦ እኮ እዚሁ ነው የሚደፋው» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። የአሸንዳው ቱቦ የታችኛው ክርን ወልቆ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ይወርድ ነበር። ሁለት ጊዜ ሙሉ ሥራ ያወጣሁበት ነገር በአንድ ክርንና በሁለት ሜትር ቱቦ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ የሰጠመ ነገር ሳይ መጀመሪያ ወደ ላይ ነው የማየው።

ስንጥቅ ሁሉ ያሳስባል?

አያሳስብም። ኮንክሪት ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ሁለቱ ወገን እኩል ከፍታ ላይ እስካለ ድረስ፣ በአብዛኛው ኮንክሪቱ ሲደርቅ ከመኮማተሩ የመጣ ነው። ይመዝግቡትና ይተዉት።

የሚያሳስበው የሚንቀሳቀሰው ነው። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመለሱ። ምልክቱን አልፎ ከሄደ ሕይወት አለው፣ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል።

አስፋልት ላይ ግን አንድ መልክ አለ፣ እሱን ሲያዩ ላዩን በመለጠፍ አይድከሙ። እንደ አዞ ቆዳ እርስ በርሱ የተያያዘ ትንንሽ ስንጥቅ ነው። ያ ማለት ከሥር ያለው ደክሟል። ላዩ ላይ ሬንጅ ቢያፈሱበት ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ያምራል፣ ከዚያ ይመለሳል። መቆረጥ፣ ሥሩ ተስተካክሎ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ እንደገና መነጠፍ ነው ያለበት። ነጠላ ረዥም ስንጥቅ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ጀምሮ በሲላንት (በሚለጠጥ የስንጥቅ መሙያ) ይሞላል። ርካሽ ሥራ ነው፣ ብዙ ዕድሜም ይጨምራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ብቻ ስንጥቁ ንፁህና ደረቅ መሆን አለበት። አቧራ ላይ የፈሰሰ ሲላንት አቧራውን ነው የሚይዘው።

ስንጥቁን በሲሚንቶ ብለጥፈውስ?

ሁሉም ይሞክረዋል። ሲሚንቶና አሸዋ በጥብጦ፣ በማንኪያ ለጥፎ፣ ከላይ አለስልሶ። በማግስቱ ያምራል።

ችግሩ ሲሚንቶ አይለጠጥም። ኮንክሪት ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ስንጥቁ በየቀኑ ትንሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደረቁ ልጥፍ ይህን መከተል ስለማይችል ጎኑ ይላቀቃል። ከዚያ በውሃ ይነሳና የተላቀቀው ቁራጭ ራሱ ማደናቀፊያ ይሆናል። ለሚንቀሳቀስ ስንጥቅ የሚለጠጥ መሙያ ነው የሚሻለው፤ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዓይነት።

በተመሳሳይ ምክንያት፣ በተቦረቦረ ኮንክሪት ላይ ስስ የሲሚንቶ ልባስ መቀባትም ዕድሜ የለውም። ቅርፊት ሆኖ ይላጣል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ፣ ፖሊመር ያለበት መጠገኛ አለ። እሱም ቢሆን የድሮው ገጽ በደንብ ተፍቆ ካልታጠበ አይያዝም።

ፓርኪንጉ ላይ ጉድጓድ ተከፍቷል። በአፈርና በጠጠር ብንሞላውስ?

ለዛሬ ማታ ይሁን። ለዓመቱ ግን አይሆንም። አፈሩ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ይወጣል፣ ጠጠሩ በጎማ ተወርውሮ የመኪና መስታወት ይመታል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የላላ አስፋልት እስኪያልቅ ድረስ አራት ማዕዘን አድርጎ መቁረጥ። ጎኑ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ እንደ ሳህን ተዳፋት ከሆነ ጠርዙ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ጠርዝ ደግሞ ይረግፋል። ውስጡን ማፅዳትና ማድረቅ። ሥሩ ከለሰለሰ አውጥቶ በጠጠር መተካትና መጠቅጠቅ። ጎኑንና ሥሩን ስስ ሬንጅ መቀባት። ከዚያ አስፋልቱን በአንዴ ሳይሆን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ እየጠቀጠቁ መሙላት። መጨረሻ ላይ ከአካባቢው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቁም፣ ጎማ ራሱ ያወርደዋል።

ትኩስ አስፋልት ከማምረቻው ሲወጣ 150 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ወደ 80 ከወረደ በኋላ ሮለር ቢያመላልሱበትም አይጠቀጠቅም። ስለዚህ መኪናው አስፋልቱን አምጥቶ ሠራተኛው ገና ጉድጓድ እየቆረጠ ካገኙት ያ ሥራ ተበላሽቷል። በከረጢት የሚሸጠው ቀዝቃዛ አስፋልት ለትንሽ ጉድጓድና ለጊዜያዊ ጥገና ጥሩ ነው።

ኮብልስቶኑ ወይም ብሎኩ ሰጥሟል። ሁሉንም ማስነሳት አለብኝ?

በፍፁም። የዚህ ዓይነት ንጣፍ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፣ ያነሱትን ራሱን መልሰው ያነጥፉታል። አዲስ ዕቃ መግዛት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

የመጀመሪያው ብሎክ ነው ከባዱ። በመጋጠሚያው ያለውን አሸዋ በቀጭን ብረት ይጫሩት። ሁለት ካቻቢቴ ከሁለት በኩል አስገብተው ግራ ቀኝ እያነቃነቁ ያውጡት። እሱ ከወጣ ሌላው በእጅ ይነሳል። ከሰጠመው አልፈው በየአቅጣጫው ሁለት ሦስት ረድፍ ጨምረው ያንሱ፣ ያለዚያ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም።

አሁን ቆም ይበሉ። ለምን ሰጠመ? ውሃ የሚያፈስ ቱቦ አለ? ቀደም ሲል ለመስመር ተቆፍሮ በቅጡ ሳይጠቀጠቅ የተደፈነ ነው? ይህን ሳይመልሱ መልሶ ማንጠፍ ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ አቋራጭ ይወዳል። የጎደለውን ሁሉ በአሸዋ ይሞላና ብሎኩን ያስቀምጣል። አሸዋ መኝታ ነው እንጂ መሠረት አይደለም። ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የጎደለው በደቃቅ ጠጠር ነው የሚሞላው፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት እየተጠቀጠቀ። አሸዋውን ቀጥ ባለ ጣውላ ይላጉት፣ ከዚያ በኋላ አይርገጡት። ሲባጎ ወጥረው ብሎኮቹን ከአካባቢው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ይደርድሩ። በጎማ መዶሻ ወይም በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) መትተው ያውርዷቸው። በመጨረሻ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ መጋጠሚያው ውስጥ ይጥረጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሸዋው ዝቅ ይላል፤ ድገሙት።

መጋጠሚያው ውስጥ ያለው አሸዋ ለመልክ አይደለም። ብሎኮቹ ተያይዘው ጭነት እንዲካፈሉ የሚያደርገው እሱ ነው። በጠርዝ በኩል ደግሞ ከርብ ስቶን ከሌለ ረድፉ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይከፈታል። ከዳር የጀመረ መላላት ካዩ ምክንያቱ በአብዛኛው ይሄ ነው።

ሁለት ኮንክሪት ተበላልጦ ጠርዙ ሰው ያደናቅፋል። ስንት ሲሆን ነው አደጋ የሚባለው?

ከሚያስቡት በጣም ያነሰ ነው። የአሜሪካው የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት መስፈርት ቀጥ ብሎ የቆመ ብልጫ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ ይላል። ከዚያ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያለው ተዳፋት ሆኖ መፈቅፈቅ አለበት። ከ13 በላይ ከሆነ እንደ መወጣጫ ነው የሚታየው። 6 ሚሊ ሜትር ማለት እርሳስ ከሚያህል ውፍረት አይበልጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው ሲራመድ እግሩን ከመሬት ብዙ አያነሳም፣ ደረጃ መኖሩን ሲያውቅ ነው ከፍ የሚያደርገው። ትልቅ ደረጃ ይታያል። ትንሽ ብልጫ አይታይም። ስለዚህ ነው ትንሹ ብዙ ሰው የሚጥለው።

ብልጫው ትንሽ ከሆነ በግራይንደር መፈቅፈቅ ይቻላል። አቧራው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ሠራተኛውም ትክክለኛ ማስክ አድርጎ ይሁን። ትልቅ ከሆነ የሰጠመውን ኮንክሪት ከሥሩ መሙያ እየገፉ ማንሳት ወይም መስበርና መቀየር ነው። ጥገናው እስኪመጣ ጠርዙን በደማቅ ቢጫ ይቀቡት። ቀለም ጥገና አይደለም፣ ግን ዛሬ ማታ የሚመጣውን ሰው ሊያድን ይችላል።

የዛፍ ሥር ንጣፉን አነሳው። ዛፉን ልቁረጠው?

አይቸኩሉ። አብዛኛው የዛፍ ሥር ጥልቅ አይሄድም። እርጥበትና አየር ወዳለበት ይሄዳል፣ ከንጣፍ ሥር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። ከግንዱ አጠገብ ያለ ወፍራም ሥር ከቆረጡ ዛፉ በነፋስ ሊወድቅ ይችላል፤ ከተነሳ ብሎክ የባሰ ችግር ነው።

ከተቻለ መረማመጃው ዛፉን ዞር ብሎ ይለፍ። ካልተቻለ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ኮንክሪት በብሎክ ይተኩ፤ ሥሩ ሲያነሳው በየጥቂት ዓመቱ አንስቶ ማስተካከል ይቀላል። የግድ ሥር መቆረጥ ካለበት የዛፍ ባለሙያ ያማክሩ። ዛፉ ለደንበኛ ጥላ ነው፣ ጥላ ደግሞ አስፋልቱንም ከፀሐይ ያድነዋል።

ደጃፉ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ምን ይሻላል?

መጀመሪያ የሚያንሸራትተው ንጣፉ ነው ወይስ ላዩ ላይ ያለው ነገር? አረንጓዴ ወይም ጥቁር ልስልስ ነገር ካለ አልጌ ነው። ፀሐይ የማያገኝና ውሃ የሚቆይበት ቦታ ላይ ይበቅላል። በጠንካራ ብሩሽ፣ በሳሙና፣ ካልለቀቀ ደግሞ በውሃ በቀጠነ በረኪና ይታጠባል። አደራ፣ በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞንያ ካለበት ማፅጃ ጋር አይቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራል። የፅዳት ሠራተኛ «አንድ ላይ ከሆነ የበለጠ ያፀዳል» ብሎ ሲቀላቅል በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሳል ነው ሮጦ የወጣው።

ንጣፉ ራሱ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የተወለወለ ግራናይትና የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ለቤት ውስጥ ነው። ውጭ ላይ ሻካራ ነው የሚፈለገው። ማንሸራተት የሚለካበት ፔንዱለም የሚባል መሣሪያ አለ፤ በእርጥብ ገጽ ላይ 36 እና ከዚያ በላይ ካነበበ የመንሸራተት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ይባላል። ታይል ሲገዙ ሻጩን የእርጥብ ገጹን ውጤት ይጠይቁት። ቀድሞ ለተነጠፈው ማሻከሪያ ኬሚካል፣ አሸዋ ያለበት ቀለም ወይም የሚለጠፍ ሻካራ ስትሪፕ አለ። ደረጃ ካለ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ስትሪፑ በሌላ ቀለም ይሁን፣ ዓይንም ይረዳል።

የመኪና ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ ይጎዳል?

አስፋልትን አዎ። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ ስለሆነ ናፍጣና ዘይት ያሟሙታል። ጠጠሩ ይላቀቃል። ኮንክሪትን ያቆሽሻል እንጂ አያሟሟውም። እንደፈሰሰ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ያድርጉበት፣ ይጠጣው፣ ከዚያ ይጥረጉት። በውሃ አይግፉት፣ ወደ ዲቹ ነው የሚሄደው።

ብሎኩ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። ጥራቱ ወርዶ ነው?

አይደለም። ሲሚንቶ ውስጥ ያለ ጨው በእርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ ሲደርቅ የሚቀር ነው። በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ብዙውን ጊዜ በጊዜ ብዛት ራሱ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላም የሚመለስ ከሆነ ከሥር ውሃ አለ ማለት ነው።

አዲስ ኮንክሪት ፈሰሰ። መቼ ልርገጠው?

ለእግር ከአንድ ቀን በኋላ፣ ለመኪና ቢያንስ ከሰባት ቀን በኋላ። ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው።

ኮንክሪት «ደረቀ» ስንል እንሳሳታለን። የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፣ ሲሚንቶው ከውሃው ጋር በሚያደርገው ውህደት ነው። ቶሎ ከደረቀ ውህደቱ ይቋረጣል፣ ላዩም ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ወይም ፕላስቲክ ይሸፈን። ሠራተኛው ለማፍሰስ እንዲቀለው ቅይጡ ላይ ውሃ ሲጨምር ካዩት ያስቁሙት፤ የጨመረው ውሃ ጥንካሬውን ነው የሚቀንሰው።

ስንጥቅ የት እንደሚሆን ደግሞ እርስዎ ይወስኑ። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮንክሪት ላይ በየ2.5 እስከ 3 ሜትር መቁረጫ መስመር ይደረጋል፣ ጥልቀቱ የውፍረቱ ሩብ። ኮንክሪቱ መሰንጠቁ ላይቀር በመስመሩ ውስጥ ተደብቆ ይሰነጠቃል።

ትንንሽ መኪኖች ብቻ ናቸው የሚገቡት። ከባድ የሚባለው የቆሻሻ መኪናና የዕቃ መኪና በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

በጣም ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘ ነገር አለ። ጉዳቱ የሚያድገው በግምት በአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ባለው ክብደት አራተኛ ኃይል ነው፤ ክብደቱ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው። አክስሉ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር አንድ የቆሻሻ መኪና በሺዎች የሚቆጠሩ አውቶሞቢሎች የሚያደርጉትን ያደርጋል።

ስለዚህ ፓርኪንጉን ሁሉ ማወፈር አያስፈልግም። ከባዱ መኪና የሚገባበትን፣ የሚዞርበትንና የሚቆምበትን መስመር ብቻ ለይተው በወፍራም ኮንክሪት ያሠሩ። ከዚያ መስመሩን በቀለም አሳይተው ሾፌሮቹ እንዲጠብቁት ያድርጉ። የማይጠብቁ ከሆነ አቋራጭ የሚሄዱበት ቦታ ላይ ምሰሶ ይትከሉ።

ቢጫው ጎርበጥባጣ ታይል ምንድን ነው? ማስነሳት ይቻላል?

እንዳያስነሱት። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የተሠራ ነው። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈጠረው፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ መጀመሪያ ተነጠፈ። ነጠብጣቡ «ቁም፣ ተጠንቀቅ» ነው። ረዣዥሙ መስመር «በዚህ ቀጥል» ነው። በእግርና በበትር ይነበባል። ጥገናው ላይ ሠራተኛ ሁለቱን አምታቶ ሲያነጥፍ አይቻለሁ። ከማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከቆሙ ሞተር ሳይክሎችና ከአበባ ማስቀመጫም ነፃ ይሁን። ለአንድ ዊልቸር ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት እንዲተላለፉ 1 ሜትር ከ50 ያስፈልጋል።

በረዶ ባለበት አገር ጨው ይጎዳል?

ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። በኮንክሪት ቀዳዳ ውስጥ ሲሆን ይገነጥለዋል። ጨው ደግሞ መቅለጡንና መልሶ በረዶ መሆኑን ያበዛዋል። መጀመሪያ በአካፋ ያንሱ፣ ጨው በልክ ይበትኑ። ተራ ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ካለፈ ሥራው ይደክማል። የመጀመሪያ ክረምቱ ላይ ላለ አዲስ ኮንክሪት አሸዋ ይሻላል።

ከአጥር ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ የማን ነው?

እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። የአካባቢውን አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ተከራይ ከሆኑ ውልዎን ያንብቡ። እስከዚያው ደንበኛዎ የሚወድቀው በእርስዎ በር ፊት ነው።

ተቋራጭ ስመርጥ ምን ልጠይቅ?

«ለምን ተበላሸ?» ብለው ይጠይቁት። ሳያይ፣ ሳይለካ ወዲያው በካሬ ዋጋ የሚነግርዎትን ይጠራጠሩ። ከሥር ምን ውፍረት እንደሚያስገባ፣ በምን እንደሚጠቀጥቅ፣ ውሃውን ወዴት እንደሚወስድ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሥራው ሲያልቅ ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት በቧንቧ ውሃ ያፍሱበትና ይመልከቱ። ውሃው ወደ ዲቹ ካልሄደ ሥራው አላለቀም።

በየስንት ጊዜው ልፈትሽ?

በዓመት ሁለት ጊዜ በደንብ፦ የዝናብ ወቅት ከመግባቱ በፊትና ካለፈ በኋላ። ከዝናቡ በፊት ዲቹና የማንሆሉ ማጥለያ ይጠረግ። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ዙር በእግር።

ግን ከእርስዎም ከእኔም በላይ የሚያዩት የፅዳት ሠራተኛዋና ጥበቃው ናቸው። እነሱ በየቀኑ ይረግጡታል። እኔ የጥበቃ ቤቱ በር ላይ ደብተርና እስክሪብቶ በክር ሰቅያለሁ። ያዩትን በአንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ቀኑን ያስቀምጣሉ። አብዛኛው «እዚህ ጋ ብሎክ ይነቃነቃል» ነው። አንድ ቀን ግን የፅዳት ሠራተኛዋ «ሦስተኛው በር ፊት ያለው ብሎክ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል፣ ዝናብ ሳይኖር» ብላ ጻፈች። አስነሳነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ በሙሉ ተጠርጎ ሄዷል፣ እጅ የሚያስገባ ባዶ ቦታ ነበር። ከመሐሉ የውሃ ቧንቧችን መገጣጠሚያ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ያን ወር የውሃ ቢሉ ለምን እንደጨመረ ስንጨቃጨቅ ነበር የከረምነው።